የግድግዳ ዋጋ

የሙዚየም ገንዘብ አሰባሳቢ ሥራው ቀላል ነው፤ ባለጸጋ ፈልጎ እራት ይጋብዛል፣ ሥዕል ያስጎበኛል፣ በመጨረሻም ባዶ ግድግዳ ያሳያል። ሥዕል የሚሰቀልበት እንዳይመስላችሁ፤ የለጋሹ ስም የሚጻፍበት ነው።

የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የደንዱርን ቤተ መቅደስ ያስቀመጠበትን የሕንፃ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1978 «ሳክለር» ብሎ ከፈተው። ቤተ መቅደሱን የሰጠችው ግብፅ ነበረች፤ የበሩ ላይ ስም ግን ለባለ ገንዘቡ ለሳክለር ቤተሰብ ሆነ። የቤተሰቡ ስም ብዙዎችን ሱስ ካስያዘው ኦክሲኮንቲን ከተባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር ሲነሳ፣ በ2018 ተቃዋሚዎች የመድኃኒት ብልቃጦችን እዚያው ክፍል ውስጥ ባለው ኩሬ ላይ በተኑ። በ2019 ሙዚየሙ ቤተሰቡን «ከእናንተ ገንዘብ አልቀበልም» አለ፤ በ2021 መጨረሻ ስሙን አወረደ። ሕንፃውን ግን አላፈረሰም፤ ኅሊናም ልክ አለው!

እናንት ለጋሾች፣ ስማችሁ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ከግድግዳው በፊት የገንዘቡን ምንጭ አጥሩ።