ዘጠነኛው ክፍል ለገና

«ስትሬንጀር ቲንግስን አበላሹት!» አለ ጎረምሳው፣ በርጩማ እየሳበ። ዓይኑ በርበሬ መስሏል። የተከታታይ ፊልሙ የመጨረሻ ክፍል እኛ ዘንድ የደረሰው ታህሳስ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ አፍጥጦ አይቶት መጥቷል።

«በዚያ ሰዓት ለኪዳን ብትነሳ መላእክት ያጅቡህ ነበር» አሉት እትዬ።

እትዬ ጦርነቱ እስኪያባርራቸው ካርቱም፣ ቡሪ ቡና ሲያፈሉ የኖሩ ናቸው። አዲስ አበባ ገብተውም ጀበናው ላይ ዝንጅብል መጨመር አልተዉም፤ ያማረረውን ደንበኛ «እንግዲያው የጠበል ቦታ ሂድ» ይሉታል።

«ከሐምሌ 2008 ጀምሮ ስንጠብቅ፣ እትዬ! አምስት ምዕራፍ!»

«እኔ በዚያው ዕድሜ ቡሪ ተቀምጬ አልበሽርን፣ ሐምዶክን፣ ቡርሃንን አየሁ። ማስታወቂያ እንኳ ሳይገባበት።»

«ሦስተኛው ምዕራፍ እኮ ምርጥ ነበር። አላዩትም?»

«በምኔ ልየው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ምዕራፉ የወጣው ሰኔ 27 ቀን 2011 ነው። ሱዳን ግን ግንቦት 26 ቀን፣ ቡሪ አጠገብ ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ፊት የተቀመጠው ሰልፈኛ በጥይት ሲበተን የተቋረጠው ኢንተርኔት እስከ ሐምሌ 2 አልተመለሰም።

«እሺ፣ ያ ሁሉ ዘመን ያስፈራራን ቬክና አንገቱን በአንዲት እናት መጥረቢያ ይቀላል?»

«መጥረቢያ ድረስ መሄዷ ነው የገረመኝ። ያንተ እናት በማማሰያ ትጨርሰው ነበር።»

«ዴሞጎርጎኖቹስ? በመጨረሻው ውጊያ ላይ አንድም የለም!»

«ለዓመት በዓል አገር ቤት ገብተው ይሆናላ።»

ልጁ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የፊልሙ ፈጣሪዎች የዳፈር ወንድማማቾች ከአጋንንቱ ጋር የያዙትን ጉዳይ ቸኩለው ዘግተው ምርቃትና ስንብት ላይ ተንዘላዘሉ። ከዋነኞቹ ጓደኛሞች መሃል ዋጋ የከፈለ ቢኖር ኢሌቨን ብቻ ናት፤ እሷም በግማሽ።

«አዎ! ትሙት፣ ትኑር አልታወቀም እኮ» አለ። «ጓደኞቿ በሕይወት አለች ብለው ለማመን ወሰኑ፣ አለቀ። ይሄ መጨረሻ ነው?»

እትዬ ፍሙን ቆሰቆሱ። «የቡሪን ሰው ስለ ጎረቤቱ ጠይቀው፤ መልሱ ይኸው ነው። እኛ ለየትኛው ደራሲ አቤት እንበል?»

ዝም አለ። እሳቸው ግን ገና መሞቃቸው ነበር።

«የኔ ተከታታይ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጀመረ። ቀዳም ስዑር! ዶሮው ተገነጣጥሎ፣ ሽንኩርቱ ቁሌት ላይ ሆኖ። ጦሙ ሳይፈታ ጥይቱ ተፈታ። አንተ ሰማይ ቀልቶ መብረቅ ሲንጣጣ ፖፖ ቆሎህን ቆርጥም፤ እኔ አልጋ ሥር ነበርኩ።»

«ፖፖ ቆሎ ሳይሆን ፖፕኮርን…»

«ፈንዲሻ በለው እንግዲህ፣ ሐበሻ ከሆንክ።»

ጎረምሳው የመጨረሻ ጥይቱን ተኮሰ። «ይህ የውሸት መጨረሻ ነው እየተባለ ነው። የተደበቀ ዘጠነኛ ክፍል ታህሳስ 29 ይለቀቃል!»

«በኛ ገና? ፈረንጅ የራሱን ገና በልቶ ከጨረሰ በኋላ ለኛ ገና ክፍል ደብቆ ያቆያል? ሙክት ቢደብቅልን ይሻል ነበር።»

ገና መጣ፣ ገና ሄደ። ዘጠነኛ ክፍል የለም። ልጁ በማግስቱ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«ኔትፍሊክስን አትማው» አሉት እትዬ። «ካርቱምም ለዒድ ተኩስ አቁም ታውጆ ነበር፤ ጥይቱ ግን አልሰማም።»

«ታዲያ አሁን ምን ልይ?»

«ሂሳብህን እይ። ከገና በፊት የጀመርከው ዱቤ ነው፤ እሱም መጨረሻው አያምርም።»