ልደት በሐይቅ ዳር

ቀይ ባሕርን በ1985 ዓ.ም. ስለተሰናበትን፣ የሚስቱን ልደት በባሕር ዳርቻ ማክበር ያማረው የአዲስ አበባ ባል መኪናውን ወደ ወሎ ያዞራል። ሐይቅ ሲደርሱ ውኃው ሰማያዊ ነው፤ ፎቶ አይጠገብም። ብቻ የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም። ስለዚህ ባለልደቷ በር ላይ ቦርሳ ትጠብቃለች፤ ባልየው ገብቶ ዕድሜ ይለምንላታል። (መልካም ልደት!)

ከዚያ ውጫሌን፣ ውርጌሳን፣ መርሳን አልፈው ሲሪንቃ። እዚህ ማዕበሉ የማሽላ ነው፤ የግብርና ምርምር ማዕከሉም ዝርያ የሚያሻሽለው ድርቅ እንዲችል እንጂ ለሰልፊ እንዲያምር አይደለም። እሷ ግን ነጠላዋን ለነፋስ ለቃ እማሳው መሀል ገባች። ባልየው «ትንሽ ወደ ግራ፣ የኔ ንግሥት» ይላል። ከማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ጮኸ፦

«እትዬ፣ ፈቀቅ ይበሉልኝ! ከኋላዎ ወፍ አለ!»