ባለ ጥለቷ መኪና

ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ስትጠይቀኝ ኖራለች። «ቆይ፣ ይቺ ከዚያችኛዋ በምን ትለያለች?»

የምትጠቁመው መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለት የጭነት መኪኖች ነው። ሁለቱም ጣቴን አያክሉም። ሁለቱም ወይን ጠጅ ቀለም ናቸው። ሁለቱም ሌስኒ የሚባለው የለንደን ፋብሪካ ማችቦክስ እያለ ከሸጣቸው መኪኖች መካከል ቁጥር 20 ናቸው፤ በ1956 የወጣችው፣ የጭነት ቦታዋ ዙሪያውን የታጠረው ኢ.አር.ኤፍ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። ዕቃው የፈረንጅ ነው፣ ዕዳው ብቻ ነው የኔ።) ለማያውቃት ሰው የኤንትሬ የሩቅ ዘመድ ናት እለዋለሁ።

ልዩነታቸው አፍንጫቸው ላይ ነው። የአንደኛዋ የራዲያተር ፍርግርግ ብርማ ቀለም ተቀብቷል፣ የሌላኛዋ ወርቅማ። ቀለሙ ያረፈበትን ቦታ አንድ የምስር ክክ ይሸፍነዋል።

«ይቺ ወርቅ፣ ያቺ ብር» እላታለሁ።

«እና?»

ለዚህች «እና» መልስ ያለው ሰብሳቢ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሥራዬ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ መንዳት ነው። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ ቁጥር 5ን፣ ያንኑ ቀዩን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ፣ በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ መብራት አስጠጋለሁ። «ቀን ትልቁን፣ ማታ ትንሹን» ትላለች ባለቤቴ፤ «ደግነቱ መካከለኛ የላቸውም።»

አመሉን ከየት አመጣኸው ብትሉኝ ከአዲስ አበባ ነው። ልጅ ሆነን መኪናችን የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ጎማችን ቆርኪ ነበር። ቆርኪ ደግሞ ዝም ብሎ ቆርኪ አይደለም። አራቱም ጎማ የአንድ ቢራ ቆርኪ የሆነለት ልጅ በሰፈሩ ይከበራል። ሦስት የቢራ፣ አንድ የለስላሳ ያለው «ቅይጥ» ይባልና ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። እኔ ቅይጥ ነበርኩ። አሁን የያዝኩት የድሮ ቂም መወጣት ነው የሚለኝ ቢመጣ አልከራከርም።

የማችቦክስን ታሪክ የሰማሁት ግን እዚህ ነው። በ1947 ሌስሊ ስሚዝና ሮድኒ ስሚዝ የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ ስም እንጂ ዝምድና የሌላቸው፣ ገንዘባቸውን አዋጡና ከየስማቸው ቆርሰው ሌስኒ የሚል ድርጅት አቆሙ። ሥራ የጀመሩት ኤድመንተን ውስጥ በአንድ የተዘጋ መጠጥ ቤት ነው። ብረት አቅልጦ ቅርጽ ማስያዝ የሚችለው ጃክ ኦዴል ተቀላቀላቸው። የኦዴል ልጅ ትምህርት ቤት መጫወቻ ይዞ መግባት የሚቻለው ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከገባ ብቻ ነበርና፣ አባቷ የመንገድ መዳመጫ ሮለር ከናስ አሳንሶ ሠርቶ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተተላት። የክፍሏ ልጆች ሁሉ ለእኛም ይሠራልን አሉ። በ1953 ያው ሮለር ቁጥር 1 ሆኖ ለገበያ ወጣ።

የልዩነት በሽታ ግን ከሮለሩም በፊት በዚያ ቤት ነበረ። የነገሥታቱን ትልቁን ሠረገላ ቅርጽ ሲያዘጋጁ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛን ከንግሥቲቱ ጋር ውስጡ አስቀምጠዋቸው ነበር። ንጉሡ በ1952 ሞቱ። ቅርጽ ደግሞ ውድ ነው፣ አይጣልም። ስለዚህ ንጉሡን ከወገባቸው በላይ ቆርጠው አወጧቸው። እግራቸው ቀረ። ትልቁን ሠረገላ ልብ ብሎ ወደ ውስጥ የሚያይ ሰው ከንግሥቲቱ አጠገብ ባለቤት የሌለው ሁለት እግር ያገኛል። በኋላ የወጣው ትንሹ ሠረገላ በኤልሳቤጥ 2ኛ ንግሥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ድርጅቱን ሀብታም አደረገው፤ እኛ የምናወራው ግን ስለ እግሩ ነው። ሰብሳቢ ማለት ሠረገላ ሲያሳዩት እግር የሚያይ ፍጥረት ነው።

ፓራውልቱ፣ የፊት መብራቱና ፍርግርጉ ላይ ለምታርፈው የጌጥ ቀለም ፈረንጆቹ የራሳቸው ቃል አላቸው። እኔ ጥለት እላታለሁ። መኪናዋን ነጠላ በሏት፤ ዳር ዳሯን የሚዞራት ጥለቷ ነው። አቀባቡም እንዲህ ነው፦ ቀዳዳ ያለው ስስ የብረት ጭምብል መኪናዋ ላይ ይገጠማል፣ ሠራተኛዋ ቀለሙን ትረጫለች፣ ጭምብሉ ይነሳል፣ ቀጣይዋ ትመጣለች። ጭምብሉ ፈቀቅ ካለ ብሩ ከመብራቱ ወርዶ ጉንጯ ላይ ይፈሳል። ቀዳዳው በደረቀ ቀለም ከጠበበ መብራቷም ይጠባል። ያቺ ሴት የምሳ ሰዓቷን እያሰበች የረጨችውን እኔ ከስልሳ ዓመት በኋላ በማጉያ መነጽር አጠናለሁ። ፋብሪካው ሃክኒ ነበር፤ ድርጅቱ በ1982 ከሰረ፣ ዛሬ በቦታው አፓርታማ ቆሟል። በዚያ በኩል ስነዳ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። ተሳፋሪው ፌርማታ የደረስን እየመሰለው ይነሳል።

ሌላው ልዩነት ብዙ ነው፣ ላሰልቻችሁ አልፈልግም። ጎማው መጀመሪያ ብረት፣ ኋላ ግራጫ ፕላስቲክ፣ ኋላም ጥቁር ሆነ። ቁጥር 11 ቦቴ ቢጫውና ቀዩ ይገኛል፤ አረንጓዴዋን ያገኘ ሰው ግን ዘመድ ይበዛለታል። የወርቅና የብር ነገር ሌላ ቤትም አለ። ኮርጊ የተባለው ሌላ መጫወቻ ሠሪ በ1965 የጄምስ ቦንድን አስተን ማርቲን ሲሠራ፣ ፊልሙ ላይ ብርማ የነበረችውን መኪና ወርቅማ አድርጎ አወጣት። ብርማ ብትሆን ገና ያልተቀባች ትመስላለች ብለው ነው ይባላል። እዚህ ላይ ባለቤቴ የፈረንጆቹን ብልኅነት አድንቃለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ያደነቀችው ይህንን ብቻ ነው።

አንድ ቀን «ሁሉም አንድ ናቸው» ስትለኝ መረረኝና «ያንቺስ ቀሚሶች?» አልኳት። ቁም ሳጥኑን ብርግድ አድርጋ ከፈተችው። ሰባት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ተሰቅሏል።

«ይሄ ጥለቱ ወርቅማ ነው፣ ለጥምቀት። ይሄ ብርማ ነው፣ ለሠርግ። ይሄ ደግሞ ወርቁ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ለክርስትና።»

አፌ አያርፍም። «እና?» አልኳት።

ሦስት ቀን ምሳዬን የበላሁት ጋራዡ ካለው ካፌ ነው።

ወደ ወርቅማዋ ልመለስ። የቁጥር 20 የመጀመሪያዎቹ ወርቅማ ጥለት ነበራቸው፣ ቀጥሎ ብርማ ሆነ። ብርማዋን ቀደም ብዬ አግኝቻት ነበር። ወርቅማዋን ያገኘኋት በአንድ እሁድ ጠዋት፣ ሰው የመኪናውን ፖርቶ ባጋሊዮ ከፍቶ የጓዳውን ዕቃ በሚቸበችብበት የሰልባጅ ገበያ ነው። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው። ትሕትናቸው የቄስ ነው። «የወንድሜ ነበረች» አሉኝ፣ ዓይናቸው ዕንባ ያቀረረ መሰለኝ። ስድሳ ፓውንድ። እኔ፣ መርካቶ ተወልጄ ያደግሁ ሰው፣ አልተከራከርኩም። የሞተ ወንድም ላይ እንዴት ይከራከራሉ? ወንድማቸው መሞቱን እንኳ አልነገሩኝም፤ የቀበርኩት እኔው ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የዘመድ ሠርግ ነበረብን። ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ ጥጥና አሴቶን ዘርግታ የሳምንቱን የጥፍር ቀለም ታስለቅቃለች፣ እኔ አጠገቧ ከመኪኖቼ ላይ በለስላሳ ብሩሽ አቧራ አራግፋለሁ። ሰላም ነው። ድንገት እጇ ቆመ። ወርቅማዋን አነሳች፣ ወደ መስኮቱ አዘነበለቻት፣ በጥፍሯ ጫፍ ፍርግርጓን ዳበስ አደረገች።

«ይሄ የጥፍር ቀለም ነው» አለች።

ሳቅሁ።

«አብረቅራቂ ፍሬ አለው፣ እየው። የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ተቀብቼዋለሁ። ሁለተኛ ሲደረብ እንዲህ ነው የሚያብጠው።»

ማጉያዬን አነሳሁ። ሁለት ዓመት ጭምብሉ ፈቀቅ ብሎ ነው እያልኩ ያደነቅሁት እብጠት ውስጥ ደቃቅ ደቃቅ ነገር ያብረቀርቃል። እኔ ሳልናገር ጥጡን አሴቶን ነክራ አንዴ ጠረግ አደረገችው። ወርቁ ጥጡ ላይ ቀረ። ከሥሩ ብር ብቅ አለ፤ ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ፣ ያቺ የሃክኒ ሴት በሥርዓት የረጨችው ብር።

እዚህ ላይ በቃ ማለት ነበረብኝ። ግን አፌን ከፍቼ ስድሳ ፓውንዱን ስቆጥር እሷ «ትንሽ ጥጉ ላይ ቀርቶታል» ብላ ደገመችው። አሴቶን የጥፍር ቀለምና የ1956 ቀለም አይለይም። ብሩ ሄደ። ወይን ጠጁም ከአፍንጫዋ ላይ ተከትሎት ሄደ። መኪናዋ ፍርግርጓ ራቁቱን፣ ግራጫ ብረት ሆኖ እጇ ላይ ቀረች።

ባለቤቴ ደንግጣ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ መደርደሪያው ላይ፣ ከብርማዋ አጠገብ አቆመቻት። ራሷን ዘንበል አድርጋ አንዴ ይቺን፣ አንዴ ያቺን አየች።

«አሁን ተለያዩ» አለች።

የእውነቷን ወርቅማ ቁጥር 20 የያዘ ወገን ካለ እገዛለሁ። ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ግን ባለቤቴ ትያት፤ በዓይኗ ብቻ።