ሁሉም አለ

ወደ ደሴ ስንጓዝ አጣዬን አለፍ ብለን ካራቆሬ ለምሳ ወረድን። አስተናጋጁን «ምን ምን አለ?» አልኩት።

«ሁሉም አለ።»

ጥብስ? አለ። ፓስታ? አለ። እስቲ ልፈትነው ብዬ፣ በዚያ በይፋት ሙቀት፣ የአጃ ሾርባ ጠየቅኩ። ዐይኑን ሳያሽ «ይመጣል» አለኝ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የመጣው ሽሮ ነው።

ልቆጣው ብዬ ተውኩት። እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነውና የእኔ ይብሳል። ማትሱሞቶ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣት ሩቢ የምትባል ቋንቋ «ሜተድ ሚሲንግ» የሚሉት በር አላት። ኦብጀክትን (የፕሮግራሙን አንድ አካል) የማያውቀውን ሥራ ቢያዙት፣ ይህ በር ከተጻፈለት «የለኝም» ከማለት ይልቅ በዚያ ተቀብሎ አንድ ነገር ይመልሳል። የሚገርመው፣ አስቀድመው «ይህን ትችላለህ?» ቢሉት፣ ለብቻው ካልተጻፈለት በቀር «አልችልም» ይላል፤ ሲያዙት ግን ይሠራል። የካራቆሬው አስተናጋጅ ግልባጩ ነው።

አምና የአንድ ሱቅ የሽያጭ ሪፖርት ስሠራ ለየወሩ ሜተድ (በስሙ ሲጠሩት የሚሠራ ትእዛዝ) መጻፍ ሰለቸኝ። የወራቱን ስም ደርድሬ፣ «ዲፋይን ሜተድ» በሚባለው ትእዛዝ፣ ፕሮግራሙ ሲነሣ ራሱ እንዲወልዳቸው አደረግሁ። ሦስት መስመር! በደስታ ለራሴ ማኪያቶ ጋበዝኩ። ባልደረባዬ ግን «የነሐሴ ሽያጭ» የሚለው ሜተድ የት እንደተጻፈ ፋይሉን ሁሉ ቢያስስ አጣው። ስሙ ተገጣጥሞ የሚወለደው ፕሮግራሙ ሲሠራ ነዋ፤ በጽሑፍ የትም የለም። ሰው አጥፍቶታል ብሎ ግማሽ ቀን ሲነታረክ ዋለ። እኔ እስቅ ነበር።

ሳቄ መስከረም ላይ አለቀ። ከደረደርኳቸው ወራት ጳጉሜን ዘልያት ኖሯል። ፕሮግራሙ እንዳይሰናከል ብዬ ደግሞ ላልተገኘ ስም ሁሉ ዜሮ እንዲመልስ «ሜተድ ሚሲንግ»ን በር ላይ ያቆምኩት እኔው ነኝ። አምስቱን ቀን ሲሸጥ የሰነበተው ሱቅ ምንም አልሸጠም ተባለ።

ሽሮውን ስጀምር አለቃዬ ደወለ። «የጳጉሜን ገንዘብ የት ገባ? ደግሞስ አንተ የት ነህ?»

«ካራቆሬ።»

«በል ቅርብ ነህ፣ ታክሲ ይዘህ ብቅ በል።»

ኮልፌ በኩል ያለው ካራቆሬ መስሎታል። በሩቢም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ክላስ (የኦብጀክት ንድፍ) ውስጥ፣ በነበረ ስም ሌላ ሜተድ ቢወልዱ አዲሱ የፊተኛውን ኮሽታ ሳያሰማ ይሸፍነዋል።

«እመጣለሁ» አልኩት፣ ዐይኔን ሳላሽ።