ዝም ያለ ኮምፒውተር በጅቡቲ ከተማ፦ ስለ መንስኤ ፍለጋው ሥርዓት አጭር ጥናት

በጅቡቲ ከተማ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የቤት ኮምፒውተር የሚባለው ከጽሕፈትና ከሒሳብ ይልቅ ለዘፈን፣ ለፊልምና ለሠርግ ቪዲዮ የሚያገለግል፣ ከሳሎኑ ጥግ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ድምፁ ወይም ምስሉ የጠፋ ዕለት የሚካሄደው የመንስኤ ፍለጋ የራሱ ሊቃውንት፣ የራሱ ደንብና የራሱ ቅደም ተከተል ያለው ሆኖ ሳለ፣ እስካሁን በወጉ የጻፈበት ሰው የለም። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ከመሣሪያው ይልቅ መርማሪዎቹን ነው፤ ኮምፒውተሩ ለምን ዝም እንዳለ ማወቅ ብዙውን ጊዜ ቀላል ሲሆን፣ ቤተሰቡ ጥፋተኛውን ለምን ሁልጊዜ ከሩቅ አገር እንደሚፈልግ ማስረዳት ግን እጅግ ከባድ ነውና።

ዘፈኑ ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ ለምርመራው ዋና ማስረጃ ነው። ጅቡቲ በባሕር ወለል የተዘረጉ የኢንተርኔት ገመዶች የሚገናኙባት ከተማ ስትሆን፣ ከሆንግ ኮንግ ተነሥቶ ማርሴይ የሚደርሰውና 25,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ገመድ ሳይቀር እዚህ ወደ የብስ ብቅ ይላል። ሆኖም የኢንተርኔቱ ዋጋ ቪዲዮ እንደ ልብ የሚያስከፍት ስላልሆነ፣ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው አባባል በዚህች ከተማ ላሟን ከባሕር በታች አስቀምጧታል። ስለዚህ ዘፈኑ የሚመጣው በከባድ መኪና ነው። ሾፌሩ አዳማ ላይ ከሙዚቃ ቤት በፍላሽ ያስጫነውን አልበም በአዋሽ፣ በሚሌና በሰመራ አድርጎ፣ ጋላፊን ተሻግሮ፣ መኪናውን ከከተማው ዳር ፒኬ 12 ላይ አቁሞ ለዘመድ ቤት ያደርሳል፤ ፒኬ ማለት ከከተማው መነሻ ያለውን ርቀት በኪሎ ሜትር የሚናገር የፈረንሳይኛ አጠራር ነው። ኬላው ላይ ጭነቱ ይፈተሻል፣ ሰነዱ ይታያል፤ በሾፌሩ ደረት ኪስ ያለው ፍላሽ የያዘው ቫይረስ ግን ያለ ዲክላራሲዮን ያልፋል።

ይህ ቫይረስ በብዙዎች ዘንድ ሾርትከት ቫይረስ የሚባለው ሲሆን፣ ተግባሩ በፍላሹ ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች ደብቆ በየቦታቸው ስማቸውን የያዙ አቋራጮችን ማስቀመጥ ነው፤ አቋራጩን የነካ ሁሉ በገዛ እጁ ቫይረሱን ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባል። የተደበቀው ዘፈን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ባዶ የሚመስለው ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ 7ቱ ጊጋባይት እንደ ተያዘ በስክሪኑ ላይ በግልጽ ይናገራል፤ አትሪብ የተባለችው አጭር ትእዛዝም የመደበቂያውን ምልክት ብታነሣለት አልበሙ እንዳለ ይወጣል። ነገር ግን ፍርዱ ማስረጃው ከመነበቡ በፊት ተሰጥቷል፤ «ቫይረስ በልቶታል» ይባልና በላተኛው እንዲቀጣ ፍላሹ ፎርማት ይደረጋል። ፎርማት ማለት የማከማቻውን የፋይል መዝገብ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር በመሆኑ፣ ከቫይረሱ በሕይወት የተረፈው አልበም በሕክምናው ላይ ያልፋል። የጸዳው ፍላሽ ከታመመው ኮምፒውተር ላይ ሳይነቀል እንደገና ይያዝና ለሾፌሩ ይመለስለታል፤ ቫይረሱም ከማዳበሪያውና ከስንዴው ጋር ወደ አገሩ ይገባል። የዚህ ገቢ ዕቃ መጠን በየትኛውም የወደብ መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

ፍላሹ ንጹሕ በሆነበት ዕለት ደግሞ ሁለት ሕመሞች ይታያሉ፤ አንዱ ምስል ያለ ድምፅ፣ ሌላው ድምፅ ያለ ምስል ነው። ለሁለቱም ምክንያቱ፣ ኤምፒ4 ወይም ኤምኬቪ የሚባለው የቪዲዮ ፋይል እንደ አገልግል መሆኑ ነው፤ ስሙ የሚናገረው ስለ ክዳኑ እንጂ በውስጡ ስላለው ወጥ አይደለም። ምስሉም ድምፁም በየራሳቸው ኮዴክ፣ ማለትም ፋይሉን ጨምቆ የማሳነሻና መልሶ የመፍቻ ስልት፣ ተዘጋጅተው ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ ኮምፒውተሩ የአንዱን መፍቻ ይዞ የሌላውን ቢያጣ ዘፋኙ አፉን እየከፈተና እየዘጋ ዝም ይላል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤችኢቪሲ የተባለው የምስል ኮዴክ የፋይሉን መጠን ከቀደመው በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ ፍላሽ ለሚያጣብቡ ሰዎች ተወዳጅ ቢሆንም፣ ዊንዶውስ 10 መፍቻውን የሚሸጠው በ0.99 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ በጅቡቲ ፍራንክ ወደ 176 የሚጠጋ ሲሆን፣ ችግሩ ገንዘቡ ሳይሆን በኢንተርኔት መክፈያ የባንክ ካርድ ነው፤ ካርዱ ያለው ዘመድ ያለው ካናዳ ነው፤ ካናዳ ደግሞ ሌሊት ነው።

መድኃኒቱ ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ ነው። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1996 ኤኮል ሳንትራል ፓሪ በተባለው የፈረንሳይ ምሕንድስና ትምህርት ቤት በተማሪዎች ፕሮጀክትነት ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለዓለም በነጻ የተለቀቀ ሲሆን፣ አብዛኞቹን መፍቻዎች በራሱ ሆድ ይዞ ስለሚመጣ የኮምፒውተሩን ጓዳ አይጠይቅም። ምልክቱ የመንገድ ሥራ የሚታጠርበት ብርቱካናማ ሾጣጣ ነው፤ ተማሪዎቹ እንዲህ ያሉ ሾጣጣዎችን ሰብስበው ያከማቹ ነበርና። ለሾፌር ቤተሰብ ይህን ምልክት ማስታወስ ባያዳግትም፣ ፕሮግራሙ ከነጻነቱ የተነሣ ሙሉ እምነት አይጣልበትም፤ በአንድ ጊዜ የዳነ ሕመም መጀመሪያም ሕመም እንዳልነበረ ተቆጥሮ መዝገቡ ይዘጋል።

የቆዩ ፊልሞች ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባል፤ በዚህ ጸሐፊ ግምት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ ነው። የአማርኛ ፊልሞችና ክሊፖች ለዓመታት የተሸጡት በቪሲዲ ነበር፤ ቪሲዲ እ.ኤ.አ. በ1993 ደንቡ የወጣለት፣ 74 ደቂቃ ያህል ምስል የሚይዝ ሲዲ ስለሆነ፣ የሰዓት ተኩል ፊልም በሁለት ሲዲ ይከፈላል። በእያንዳንዱም ውስጥ ፊልሙ የተቀመጠበት ፋይል ስም አንድ ዓይነት ነው፤ አቭሴክ 01፣ መጨረሻው ዳት። ዊንዶውስ ይህን መጨረሻ ባያውቀውም ወደ ኤምፒጂ ቢለወጥለት ብዙ ጊዜ እሺ ብሎ ይከፍታል። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሲዲዎቹ ተጭረው ከመበላሸታቸው በፊት ወደ ኮምፒውተሩ ይገልበጡ በተባለበት ቀን፣ ሁሉም በአንድ ፎልደር ሲከማቹ ኮምፒውተሩ በፈረንሳይኛ፣ ይህ ስም ያለው ፋይል አለ፣ ልተካው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ገልባጩም በጨዋ ደንብ «ዊ» ይለዋል። በየሲዲው «ዊ» ሲባል ተውሎ ሲመሽ፣ የፊልም ክምችቱ በሙሉ የመጨረሻው ፊልም ሁለተኛ ሲዲ ይሆናል፤ ልጆቹም ያደጉት አንድን ታሪክ ከመካከሉ እያዩ፣ ሙሽራይቱ ለምን እንደምታለቅስ ሳያውቁ ነው።

የኮምፒውተሩ ፈረንሳይኛ በዘፈን ታሪክም ላይ አሻራውን ትቷል። የሙዚቃ ሲዲ ሲገለበጥ የዘፋኙ ስም ካልተገኘ፣ ማጫወቻው «አርቲስት አንኮኑ»፣ ማለትም ያልታወቀ አርቲስት፣ ብሎ ይመዘግበዋል። በዚህ መዝገብ መሠረት አርቲስት አንኮኑ ከጥላሁን ገሠሠም ከማሕሙድ አህመድም የበለጡ ሥራዎች ያሉት፣ በወንድና በሴት ድምፅ የሚጫወት፣ በትዝታም በአንቺሆዬም የማይታማ፣ መዝሙርም የማይቀረው ድምፃዊ ነው። ሌላ ዘፋኝ በስም ልፈልግ ያለ ሰው ደግሞ ከፊደል ሰሌዳው ጋር ይጋጫል፤ በፈረንሳይኛው ሰሌዳ ኤና ኪው፣ ዜድና ደብሊዩ ቦታ የተለዋወጡ ስለሆኑ፣ የኮምፒውተሩ ቅንብር በእንግሊዝኛ ከሆነ አስቴር የተባለችው ድምፃዊት ቅስቴር ሆና ትጻፋለች። ቅስቴር አልተገኘችም። ስለዚህ ጥፋቱ የአዳማው ሙዚቃ ቤት ነው ይባላል።

ስለ ሙቀት ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሐምሌ ቀትር ከ40 ዲግሪ በሚዘል ሙቀትና በባሕሩ እርጥበት ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው በአቧራ የታፈነ ኮምፒውተር እንዳይቃጠል ብሎ የገዛ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ምስሉ ይቆራረጣል፣ እስክስታውም በየትከሻው መካከል ይቆማል። ቤተሰቡ የቤቱን ቬንትሌተር ወደ ኮምፒውተሩ ሲያዞር ምስሉ ይስተካከላል፤ መንስኤና መድኃኒት ከተገናኙባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ቢሆንም፣ አባወራው ላብ ሲያጠምቃቸው ቬንትሌተሩ ወደ ሰው ይመለሳል። መብራቱ በመካከሉ ቢጠፋ ደግሞ ክርክሩ ስሱ ይሆናል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በተዘረጋ መስመር ኃይል ስለምትገዛ፣ መብራቱን መውቀስ አገርን መውቀስ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ጥፋቱ ከማስተላለፊያው መስመር ወዲህ፣ በጅቡቲ ክልል ውስጥ መሆኑ በቤቱ ሽማግሌዎች በአንድ ድምፅ ይወሰናል።

ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት የሁሉም ሊቃውንት የጋራ ትምህርት ነው። ሆኖም ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ የሥርዓቱን ዋና ክፍል ሁኔታ ለቀጣዩ ጊዜ አስቀምጦ የሚተኛ እንጂ ጨርሶ የሚጠፋ ስላልሆነ፣ በጨዋ መንገድ ተዘግቶ የተከፈተው ከነሕመሙ ሊነሣ ይችላል፤ ሪስታርት የተባለው ወይም ተናድዶ ከሶኬቱ የተነቀለው ግን በእርግጥ ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ግኝት ልጆችን ሥርዓት ለማስተማር የሚጠቅም ስላልሆነ በዝርዝር አይብራራም።

ድምፁ ጭራሽ ሳይጠፋ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚገኝባቸው ጊዜያትም አሉ። ኮምፒውተሩ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ ድምፁን ወደ ቴሌቪዥኑ ሊወስደው ስለሚችል፣ ስፒከሩ ከጠረጴዛው ላይ ያለ ጥፋቱ ይደበደባል። ለልደት ከጎረቤት የተዋሱት ባለ ብሉቱዝ ስፒከር ከተመለሰ በኋላም ኮምፒውተሩ ውለታውን አስታውሶ በጣውላው ግድግዳ በኩል ሊገናኘው ይችላል፤ ካርቲዬ ሁለት በተባለው ሰፈር የተከፈተ ዘፈን የሚሰማው ከጎረቤት ሲሆን፣ ጎረቤትየው ያልከፈተውን ዘፈን ለመዝጋት ሲታገል ያመሻል። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለው አረንጓዴ ቀዳዳ የድምፅ መውጫ፣ ሮዙ ደግሞ የማይክራፎን መግቢያ መሆኑ በመላው ዓለም የተለመደ ቢሆንም፣ ጠረጴዛው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ በመሆኑ ጃኩ የሚሰካው በዳበሳ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮምፒውተር ይችላል የሚባለው ልጅ ይጠራል። ልጁ ከተቀመጠ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ምንም አይናገርም፤ ቀስቱን ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳል፣ ከንፈሩን ይመጣል፤ ከዚያም «ጋሼ፣ ይኼ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» ይላል። አባወራው «ፎቶዎቹስ?» ብለው ሲጠይቁ «ዲ ላይ ናቸው፣ አይነኩም» የሚል መልስ ይሰጣቸዋል፤ ዲ ማለት የሃርድ ዲስኩ ሁለተኛ ክፍል ሲሆን፣ ፎቶዎቹ ያሉት ግን ዴስክቶፕ ላይ፣ ማለትም ሊጠፋ በተዘጋጀው ክፍል ነው። ሥራው ሰዓታት ይወስዳል፤ ልጁ ምሳ ይበላል፣ ቡና እስከ በረካ ይጠጣል።

የስፒከሩ ድምፅ መቀነሻ በጀርባው በኩል ያለች ትንሽ ክብ መዘውር ናት። ከተማው በሩን ዘግቶ በሚያርፍበት ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ እማወራዋ ሕፃን ለማስተኛት መዘውሯን እስከ መጨረሻው አዙረዋት ነበር። ምርመራው ሲካሄድ በቤቱ የነበሩ ሲሆን፣ ስለ ቫይረሱ፣ ስለ ኮዴኩና ስለ መብራቱ የተባለውን ሁሉ ቡናውን እየቀዱ ሰምተዋል፤ የጠየቃቸው ሰው ግን የለም። ፎርማቱ ሲያልቅ ጠረጴዛውን ለመወልወል ስፒከሩን አንሥተው መዘውሯን ወደ ቦታዋ መለሷት፤ የዊንዶውስ መክፈቻ ዜማ ቤቱን አናወጠው፣ ሕፃኑም ነቃ። አባወራው ለልጁ የታክሲ ሰጡት፤ በሳምንቱም ለፍሪጅ ተጠራ።