ባሌስትራና ይሉኝታ

መካኒኮች ባሌስትራ የሚደክመው በእርጅና፣ በጉድጓድና በጭነት ነው ይላሉ። አራተኛውን ምክንያት ግን ማንም አያነሣውም፦ ይሉኝታ። ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ባለመኪና «ታዲያ ባዶህን ልትሄድ ነው?» የምትለዋን ጥያቄ ያውቃታል። ባዶ ማለት አምስት ሰው ተሳፍሮ፣ ሻንጣው ሁሉ ተደርድሮ፣ ጤፍ ብቻ የቀረው መኪና ነው።

የኛዋ ኮሮላ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች ስቴሽን ናት። የዚያ ዘመን አውቶሞቢሏ ኮሮላ ከኋላ በሞላ ስትቆም ስቴሽኗ ባሌስትራ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ይህን ያዩ ዘመዶች ሁሉ የአይሱዙ ታናሽ እህት አድርገው ይቆጥሯታል። ከኮምቦልቻ ሠርግ ስንመለስ እኛው አምስታችን ብቻ ከሦስት ኩንታል በላይ እንመዝናለን። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ የተላከ ጤፍ ተጫነ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ደግሞ አክስታችን እቴቴ «በዚህ ዋጋማ ትቶ ማለፍ ኃጢአት ነው» ብለው ሽንኩርት አስጫኑ።

ደብረ ሲናን አልፈን የጣርማበርን ዳገት ስንያያዘው ነገሩ ለየለት። በየጉድጓዱ የኋላው አክስል ከሻንሲው ጋር ይላተማል፤ በእያንዳንዱ «ጓ!» ላይ እቴቴ የአንድ መልአክ ስም ይጠራሉ። ኋላው ሲጎነበስ ፊቱ ሽቅብ ይነሣልና መሪው ቀለለ፤ መብራታችንም አስፋልቱን ትቶ ሰማዩን ያበራ ጀመር። ከፊት የሚመጣው የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ ረጅሙን ያበራንበት እየመሰለው በንዴት ያብለጨልጭብናል። ጣልያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጣሪያውን እንደኛ አጥርቶ ያየ መንገደኛ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

መኪናው ውስጥ የምርመራ ጉባኤ ተከፈተ። አማቼ «አሞርዛተሩ ነው፤ እሱን ቀይረው» አለ። ባለቤቴ ጎማው ነፋስ ጎድሎት ነው አለች። እቴቴ የሰው ዓይን ነው አሉ። ጤፉን ወይም ሽንኩርቱን የጠረጠረ አንድም አልነበረም።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን፣ አጥንት በሚሰብረው የጠዋት ብርድ፣ የከባድ መኪና ባሌስትራ የሚሠሩ አዛውንት ደጃፍ ቆምን። ሰውዬው ምንም ሳይናገሩ በመጀመሪያ ዕቃውን አስወረዱ። ከዚያ የመኪናዋን ጭራ ቁልቁል ተጭነው ለቀቁት፤ አንዴ ተነሥታ ረጋች። «አሞርዛተሩ ደኅና ነው» አሉ። «እሱ መንጠሩን ያበርዳል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ተሸካሚው ይሄ ነው» ብለው ከሥር አሳዩን። ደጋን መሥራት የነበረባቸው ብረቶች ቀጥ ብለው ተኝተዋል፤ በግራ በኩል አንደኛው ተሰንጥቋል።

አማቼ ተስፋ ሳይቆርጥ «በእሳት አግሎ ማጉበጥ አይሻልም ጋሼ?» አላቸው። «ይህ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በልክ ግሎ በልክ ስለቀዘቀዘ ነው። እንዲያው አግዬ ባጎብጠው ዛሬ ያምርልሃል፣ ነገ ይተኛል» አሉት።

ሻንሲውን በክሪክ አንሥተው በግንድ ደገፉት። ባሌስትራውን ከነብሎኑ ፈትተው፣ ብረቶቹን አንድ በአንድ ለያይተው፣ ሳያግሉ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ደጋናቸውን መለሱ። የተሰነጠቀውን ከአሮጌ ፒካፕ በተወሰደ ብረት ተኩት፤ በግራም በቀኝም አንዳንድ ብረት ጨመሩ። «ቀኙ መቼ ታመመ?» ስላቸው «አንድ ጎን ብቻ የታደሰ መኪና እድሜውን ዘንበል ብሎ ይኖራል» አሉ። ጎሚኒዎቹንም ቀየሩ፤ ብሎናቸውን ያጠበቁት ግን መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። ተንጠልጥላ ከታሰረች ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀደዳል።

የኮሮላዋ ጭራ ቀና አለ። አዛውንቱ ጣታቸውን ቀስረው አስጠነቀቁን፦ «የጨመርኩት ብረት ጭነት እንድትጨምሩ አይደለም። ፍሬኑም፣ ጎማውም፣ አክስሉም የድሮው ነው። ደግሞ ባዶዋን ስትነዷት ታንገጫግጫለች፤ አትደንግጡ።»

እቴቴ ከዚህ ሁሉ የሰሙት የመጨረሻዋን ነው። «ባዶዋን ካንገጫገጨችማ ለወገባችንም አይበጅ» ብለው ወደ በግ ተራ አዘገሙ።

ሙክት አስጎትተው ሲመለሱ አዛውንቱን በዓይኔ ተማጸንኳቸው፤ ባለሙያ ናቸውና ይከልክሉልኝ ብዬ። እሳቸው ግን የበጉን ላት ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ደግ በግ ነው» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ አንድ ጆንያ ድንች አቅፈዋል።

«ኮተቤ ልጅ አለችኝ፤ መንገዳችሁ ላይ ናት» አሉ። ከሂሳቡም ቀነሱልን፤ ጆንያውንም ራሳቸው ጭነው እስከ ኋላ ወንበሩ ድረስ ገፉት።

«ከአክስሉ ኋላ ካረፈ» አሉን፣ «ባሌስትራውን ይጎዳዋል።»