ጀልባ የሌለው ጀልበኛ

ዓለም ከተማ ውስጥ «ባለ ጀልባው» ሲባል የሰማ ሰው ስለ እኔ ነው የሰማው። ጀልባ ግን የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ዋና አልችልም፤ ውሃ ከጉልበቴ ካለፈ ጸሎት እጀምራለሁ። መርሐ ቤቴን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ለምን እንደሚያስቅ ሳይነገረው ይገባዋል። ከተማችን ጀማና ወንጪት በገደል የያዙት አምባ ላይ ናት። ወንዞቹ በክረምት ግንድና ድንጋይ እያንከባለሉ ይወርዳሉ፤ በበጋ አህያ ጭነቷን ሳታረጥብ ትሻገራቸዋለች። በመካከሉ ጀልባ የሚያስኬድ ወር የለም። እኔ እንግዲህ እዚህ ተቀምጬ ነው የድሮ የውድድር ሞተር ጀልባዎች ሊቅ የሆንኩት።

ሊቅነቴ በመጽሔት ተጀመረ። ከተማችን ከጀርመኗ ፋተርሽቴተን ጋር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ዝምድና ስላላት እንግዶች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱ ትቶት ከሄደው ወረቀት መካከል አሮጌ የውድድር ጀልባዎችን በሥዕል የሚያሳይ መጽሔት እጄ ገባ። በጀርመንኛ ነው፤ ጀርመንኛ አልችልም። ሥዕሉን እያየሁ የቀረውን ራሴ ሞላሁት። የሚያርመኝ ሰው በአገር ስላልነበረ ብዙም ሳልቆይ ሊቅ ሆንኩ። ኋላ ኢንተርኔት ሲመጣ ካስተማርኩት ግማሹ ሐሰት እንደነበር አየሁ። ተማሪዎቼን ጠርቼ ግን አላረምኩም፤ ሊቅነት እንዲህ በቀላሉ አይለቀቅም።

ማስተማሪያዬ ጠላ ቤት ነው። ጋር ዉድ የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1932 አራት የፓካርድ ሞተሮች በአንድ የእንጨት ጀልባ ላይ ደርድሮ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እንዳለፈ እነግራቸዋለሁ። አውስትራሊያዊው ኬን ዋርቢ ደግሞ በቤቱ ጓሮ ከእንጨትና ከፋይበር ግላስ በሠራት ጀልባ ላይ ከአየር ኃይል የተረፈ የጄት ሞተር ገጥሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በሰዓት 511 ኪሎ ሜትር ነካ። ክብረ ወሰኑ እስካሁን የእሱ ነው፤ ሊሰብሩት ከወጡት ሁለቱ፣ ሊ ቴይለርና ክሬግ አርፎንስ፣ ውሃው ላይ ቀርተዋል። እዚህ ላይ ሒሳብ እጨምርበታለሁ፦ በዋርቢ ፍጥነት ከአዲስ አበባ ዓለም ከተማ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አንድ ቀን ከአጠገቤ የተቀመጠ ገበሬ እስክጨርስ አዳምጦኝ፣

«ሰውየው የት ሊደርስ ነበር?» አለኝ።

«የትም። ደርሶ ተመለሰ።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለው?»

መልስ አላገኘሁም። ጠላ አስቀዳሁለት።

ከሁሉ የምወደው ግን ብሉበርድ የተባለችውን ጀልባ ታሪክ ነው፤ የተዋረድኩትም በእሱ ነው። እንግሊዛዊው ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1967 ኮኒስተን በሚባል ሐይቅ ላይ በሰዓት ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ ሲከንፍ ጀልባዋ አፍንጫዋን አንሥታ በአየር ላይ ተገለበጠችና ሰጠመች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጭቃ ውስጥ ከቆየች በኋላ ቢል ስሚዝ የሚባል ጠላቂ በ2001 አወጣት። እሱና በጎ ፈቃደኞቹ የተጨማደደውን ቆርቆሮ አቃንተው፣ የሚድነውን አድነው፣ በ2018 ስኮትላንድ ውስጥ እንደገና ውሃ ላይ አስኬዷት። ከዚያ «ለማን ትገባለች?» የሚል ረጅም ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻ በ2024 ወደ ኮኒስተን ሙዚየም ተመለሰች። ይህን ሁሉ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ነበር የምተርከው። (ለቅሶ ቤትም አስተምራለሁ።) ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ስለሚያያይዘው ሪቬት፣ ስለ አሉሚኒየሙ፣ ያው አሮጌው ብረት መልሶ ስለ መግባቱ ስፈትል የሰፈራችን እትዬ አቋረጡኝ።

«ሰውየውስ? ተቀበረ?»

ሪቬቱን አውቃለሁ፤ ይህን አላውቅም ነበር። ድንኳኑ ሙሉ ሰው፣ የእድር ዳኛው ሳይቀር፣ መልሴን ይጠብቃል። «ይመስለኛል» አልኩ። እትዬ አንገታቸውን ነቀነቁና ፊታቸውን ወደ ሐዘንተኛዋ መለሱ። ማታውኑ ፈልጌ አገኘሁት፤ ጀልባዋ በወጣችበት ዓመት በግንቦት አስከሬኑ ተገኝቷል፣ በመስከረም እዚያው ኮኒስተን ተቀብሯል። በማግሥቱ ሄጄ ስነግራቸው «ተመስገን» አሉ። ስለ ሪቬቱ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም።

ወሬ ብቻ ሆኜ ብቀር ጉዳቱ ለሰሚ ጆሮ ነበር። እኔ ግን ገንዘብ አወጣሁ። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ አንድ ነጋዴ ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠል አሮጌ ሞተር አሳየኝ። ስሙ ተፍቋል፣ ቀለሙ ረግፏል፣ ገመዱ ተበጥሷል። ላንጋኖ ላይ ፈረንጅ በስኪ ይጎትት ነበር ተባልኩ፤ አመንኩ። ማመን ብቻ አይደለም፣ ነጋዴው ራሱ የማያውቀውን ታሪክ ጨምሬለት ዋጋውን በራሴ ላይ አስወደድኩ። የተከፈለው የጓዳችን ጣሪያ ቆርቆሮ የሚገዛበት ገንዘብ ነው። ጓዳችን ዛሬም ያፈሳል፤ በቤታችን ጀልባ የሚያስፈልግ ቦታ ካለ እሱ ነው።

ሞተሩን አውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭኜ በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጌ ጀማን ስወርድ ረዳቱ «ጋሼ፣ ወፍጮ ነው?» አለኝ። እውነቱን መናገር አፈርኩ። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ወደተቀመጠች፣ ኩሬ እንኳ ወደሌላት ከተማ የጀልባ ሞተር እየወሰድኩ ነው እንዴት ይባላል? «የውሃ ፓምፕ ነው» አልኩ። ከእኔ ቀድሞ ወሬው ደረሰ። ባለቤቴ በር ላይ በእልልታ ተቀበለችኝ። ጎረቤት ጄሪካኑን ይዞ መጣ። አንድ ሽማግሌ ከታች ካለው ምንጭ ውሃ ሊሳብ ነው ብለው መረቁኝ፤ እኔም አሜን አልኩ። ምርቃቱን እስከ ዛሬ አልመለስኩም።

እድሳቱን የጀመርኩት በንግግር ነው። በውጭ አገር በዚህ ሥራ ያሉ ሰዎች የሚከራከሩበት ከባድ ጥያቄ አለ፦ የበሰበሰውን ጣውላ አውጥተህ በአዲስ ከተካህ፣ ሞተሩንም ከለወጥህ፣ ያቺው ጀልባ ናት ወይስ ሌላ? አንዳንዱ አሮጌው ቫርኒሽ እንኳ እንዳይነካ ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ካልተነዳች ሬሳ ናት ይላል። በአሜሪካ ሲያትል አጠገብ ያለው የውድድር ጀልባ ሙዚየም በጎ ፈቃደኞች ከሁለተኛው ወገን ናቸው፤ አሮጌዎቹን አድሰው ሐይቅ ላይ ያወርዷቸዋል። እዚያ አገር ባለ አሮጌ ጀልባ ውድድር አይገባም፤ በሰልፍ ዙር ወጥቶ ለተመልካች ድምፁን ያሰማል እንጂ ማን ቀደመ የለም። ይህን ሳነብ ሙያዬን አገኘሁት አልኩ፤ ሳይቀድሙ መታየት ከልጅነቴ የምችለው ሥራ ነው። በክርክሩ ግን የመጀመሪያው ወገን ሆንኩ። በእምነት አይደለም፣ በስንፍና ነው። ዝገቱን መፋቅ ሲታክተኝ «ታሪክ ነው፣ አይነካም» አልኩ።

ይህን ፍልስፍና ያፈረሰው አንድ ወጣት የኤን ትሬ መካኒክ ነው። በአገራችን አሮጌ ሞተር ማዳን ምን እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ሰው ሲያትል መሄድ የለበትም። ጣሊያን ሠራሹን የጭነት መኪና፣ ፊያት ኤን ትሬን፣ አምራቹ ከረሳው በኋላ፣ ፋሻውን ከየትም አምጥቶ፣ የጠፋውን ቁራጭ በቶርኖ አስቀርጾ ገደል ለገደል የሚያስኬድ ሰው አለን። ቮልስ ያላቸው የአዲስ አበባ ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። እጃቸው ግራሶ አለው። የእኔ እጅ ንጹሕ ነው። ልጁ ሞተሬን አገላብጦ አየና፣

«ጋሼ፣ ዝገቱ ቅርስ ነው ነው የሚሉኝ?» አለ።

«እንደዚያ የሚያምኑ አሉ።»

«እነሱ ሞተሩን ያስነሡታል?»

ካንዴላ ለወጠ፣ ካርቡራተሩን ፈትቶ በቤንዚን አጠበ፣ ጓርኒሲዮን ከካርቶን ቆረጠ። እኔ መብራት ያዝኩለት። ኋላ ለሰው ስተርክ «ፈታነው፣ አጠብነው» እያልኩ ነው።

የጀልባ ሞተር በደረቅ አይነሣም። የሚቀዘቅዘው ከሥር በሚስበው ውሃ ነው፤ ውሃውን የሚገፋው ኢምፔለር የሚባል የጎማ ክንፍ ደግሞ ውሃ ካጣ ወዲያው ይቃጠላል። ሐይቅ የሌለው ሰው በርሜል ይሞላል። ቧንቧ በተራ በሚመጣባት ከተማ የአንድ ቤተሰብ የስንት ቀን ውሃ በርሜል ሞላሁና ሞተሩን አጥልቄ ገመዱን ሳብኩ። ባለቤቴ በዚያው ግቢ ለዓመት የሚሆን በርበሬ አስጥታ ነበር። የማያውቅ ሰው እንዲያውቅ፦ ፕሮፔለር በርሜል ውስጥ ሲዞር ውሃው በርሜሉ ውስጥ አይቆይም።

ተነሣ። ለዚህ ልጁን አመሰግናለሁ። ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራተሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጠዋል፤ ግቢው በጭስ ታፈነ። እኔ በዚያ ጭስ መካከል ደረቴን ነፍቼ ለጎረቤት ልጆች ስለ ዋርቢ መናገር ጀመርኩ። ውሃው በርበሬው ላይ ነው፣ በርሜሉ ባዶ ነው፣ እኔ ንግግር ላይ ነኝ። ልጁ «ጋሼ፣ ይዝጉት!» ቢለኝም የሰማሁት ኢምፔለሩ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ በርበሬዋንም እኔንም አየች። ለማስተባበል ዋርቢም እኮ በቤቱ ጓሮ ነው የሠራው አልኳት።

«እሱ ግን ሠራው» አለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ዘመድ ሠርግ ባሕር ዳር ወሰደኝና ወደ ዘጌ ገዳማት በሚሄደው የመንገደኛ ጀልባ ተሳፈርኩ። አብረውኝ ለተሳፈሩት እዚሁ ጣና ዳር በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከደንገል ትልቅ ጀልባ አሠርተው የእንፋሎት መርከብን አስመስለው በእጅ የሚዞር መንኮራኩር እንዳስገጠሙለት፣ እስረኛቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ስለዚህ እንደጻፈ ልነግራቸው አሰብኩ። አልቻልኩም። ከወደቡ ብዙም ሳንርቅ፣ ሰው በእግሩ ሊቀድመው በሚችለው ፍጥነት፣ የበላሁትን ሁሉ ለሐይቁ አስረከብኩ። በጎናችን አንድ ሰው ታንኳ ላይ ማገዶ ከምሮ እየቀዘፈ አለፈ፤ አየኝና ፈገግ አለ። ዘጌ ስንደርስ ያው ሰው ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ሲያቆም አገኘሁት። ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ አውጥተው ያደርቁታል፤ ጨርሶ ሲደክም አዲስ ይታሠራል። የእድሳት ክርክር የለም። ሥራዬን ጠየቀኝ።

«የጀልባ ጥገና» አልኩት። ገና አፌን እየጠረግሁ ነበር።

ማስተባበያ ፍለጋ ግን አልተውኩም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1941 ምጽዋ ላይ ጣሊያኖች ማስ 213 የምትባል የጦር ፈጣን ጀልባ ነበረቻቸው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተረፈች ናት፤ ፈጣን መባሏ ለስሙ ካልሆነ ፍጥነቷ ካለቀ ቆይቷል። እሷ ግን ኬፕታውን የተባለውን የእንግሊዝ መርከብ በቶርፒዶ መታችው። አሮጌ ነው ተብሎ የተናቀ ነገር ምን እንደሚሠራ ለማሳየት ይህን ለባለቤቴ ተረክሁላት። ስለ ሞተሩ ነው ወይስ ስለ ራስህ አለችኝ።

ስለዚህ ሞተሩ ይሸጣል። ጣና ዳር፣ ዝዋይ ወይም ላንጋኖ የምትኖር፣ እጅህ ግራሶ የማይፈራ አንባቢ ካለህ ዓለም ከተማ መጥተህ «ባለ ጀልባው» ብለህ ጠይቅ፤ ሕፃን ሳይቀር ያሳይሃል። ካንዴላው አዲስ ነው፣ ካርቡራተሩ ታጥቧል፣ ኢምፔለሩን ግን ራስህ ግዛ። ዋጋው የጓዳ ቆርቆሮ መግዣ ያህል ብቻ ነው። አንድ ነገር አደራ፦ በሩ ላይ ጎረቤቶቼ ከጠየቁህ፣ ፓምፕ ልገዛ ነው የመጣሁት በላቸው።